ከበሩ ጀርባ የቆመው ሽመል

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ነገ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ በመስኮት ታዩታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ልብስ ሰፊ ነው። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ ሠላሳ ዓመት መኪናውን ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው።

ይህ ሰው ሰውን በአፉ አያምንም፤ በልብሱ እንጂ። "ሰው ይዋሻል፤ ልብስ አይዋሽም" ይላል። የኪሱ አፍ የተተለተለ ኮት ሲመጣለት "ይሄ እጁን ከኪሱ የማያወጣ ሥራ ፈት ነው" ብሎ ይፈርዳል። ክርኑ የሳሳ ሸሚዝ ሲያይ "ይሄ ደግሞ ጠረጴዛ ተደግፎ ወሬ ሲሰልቅ የሚውል ነው" ይላል። አንዲት ሴት ቀሚሷን ልታስጠብብ ከመጣች፣ ባሏ ያላወቀውን ሐሳቧን እሱ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ልክ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

እስቲ በእውነት ንገሩኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤታችሁ ቢሆን ሱሪያችሁን ትሰጡታላችሁ?

ሚስቱ ከሞተች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የእሷንም የሌሎቹንም ስም ቀይሬ፣ ትርሲት የምላት አንዲት ልጅ ጥላለት ሄደች። እናት የሌላትን ልጅ አባት እንዴት እንደሚያሳድግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጸጉሯን ራሱ አበጥሯል፣ የትምህርት ቤት ልብሷን ራሱ ሰፍቷል፣ ትኩሳት ሲይዛት እስኪነጋ አጠገቧ ተቀምጧል። ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መሀል ከተማ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ የወንዙን ድልድይ በእግሯ ተሻግራ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቤት ትገባለች። አባት ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ ያቺን ሰዓት በጆሮው ይጠብቃታል።

ታዲያ አንድ ወቅት ላይ ትርሲት ማክሰኞና ሐሙስ መዘግየት ጀመረች። አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። "የት ቆየሽ?" ይላታል። "ሥራ በዝቶ ነው፣ አባዬ" ትላለች።

ማክሰኞ ሥራ በዛ። ሐሙስ ሥራ በዛ። በሚቀጥለው ማክሰኞም ሥራ በዛ። ከተማው የሚታመመው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው እንዴ? ብሎ አሰበ አባት። አሰበ እንጂ አልጠየቀም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ አልጠየቀም። ተጠራጣሪ ሰው ጥያቄ አይወድም፤ የሚወደው ማስረጃ ነው። ጥያቄ መልስ ያመጣል፤ መልሱ ደግሞ ጥርጣሬውን ሊወስድበት ይችላል።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ላቀች የምትባል ጎረቤቱ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አልሄደችም፤ ቆመች።

"የትርሲት አባት፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም" አለች። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ። "ግን አባት ነዎትና ይወቁት ብዬ ነው። በድሮው የእህል መጋዘን በኩል ሳልፍ ልጅዎን አየኋት። ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ ሙሉ ነጭ ለብሳ። ወንዱም ሴቱም እንደዚያው። ግድግዳው ላይ የአንድ ፂማም ሽማግሌ ሥዕል ሰቅለዋል። ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዱለታል።"

"ለማን ነው የሚሰግዱት?"

"እኔ ምን አውቄ። የእኛ ጻድቅ ግን አይደለም። የፈረንጅ ቅዱስም አይመስልም።"

ቀሚሷን በሁለት ጣት ያሳጥሩልኝ ብላ ሄደች።

ምእመናን፣ በዚህ ሰው ቦታ ሁናችሁ አስቡት። ጫማ ማውለቅ፣ ነጭ መልበስ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት። እነዚህ ሦስቱ በእኛ አገር አንድ ላይ የሚገኙት የት ነው? በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደለም? ሰውዬው "ልጄን ሌላ አምላክ ወሰደብኝ" አለ በልቡ። እኔም ነገሩን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነበር፤ አልደብቃችሁም።

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው ትርሲት ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ፣ አባት ቦርሳዋን ከፈተ። እጥፍጥፍ ብሎ የተቀመጠ ነጭ ልብስ አገኘ። አወጣውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እንደ ልብስ ሰፊ አየው እንጂ እንደ አባት አላየውም።

ጨርቁ ወፍራም ጥጥ ነው። ቁልፍ የለውም፣ ኪስ የለውም። ትከሻውና ብብቱ በሦስት መስመር ተሰፍቷል። "ይሄ እንዲጎተት ታስቦ የተሰፋ ልብስ ነው" አለ። የቀኝ እጅጌውን ጫፍ አገላበጠ፤ ክሩ ተወጥሮ ተበጣጥሷል። "እጇን የሚይዛት ሰው አለ።" ሱሪውን አነሳ፤ ጉልበቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ከበስተኋላ የገባ ጣቱ በፊት በኩል ይታያል። "ተንበርክካለች። አንድ ቀን ሁለት ቀንም አይደለም።"

ልብስ አይዋሽም። ስለዚህ ይጎትቷታል፣ ያንበረክኳታል፣ ያሰግዷታል። በቃ፤ ተፈረደ።

ልብ በሉ፤ ያየው ሁሉ እውነት ነበር። ጉልበቱ አልቋል። እጅጌው ተጎትቷል። አንዱንም አልፈጠረም። በእውነተኛ ጨርቅ የሐሰት ልብስ ሰፋበት እንጂ። እኛስ ስንት ሰው ላይ እንዲህ ሰፍተናል?

እንደነበረ አጥፎ መለሰው። ማታ ራት ሲቀርብ ትርሲት እጇን ስትዘረጋ አንጓዋ ላይ የበለዘ ነገር አየ።

"እጅሽን ምን ነካሽ?"

"የመድኃኒት ቤቱ በር ነው፣ አባዬ።"

ዋሸች። ልጅቱን እዚህ ላይ ነፃ አላወጣትም። እሱም መዋሸቷን እያወቀ ጠቅልሎ አጎረሳት፤ ጎረሰች። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንድ ትሪ ላይ ቀርበው፣ አንዷ እየደበቀች አንዱ እያደባ በሉ። ይህ ቤት የማን ቤት ነው? የልብስ ሰፊው ብቻ ነው?

አሁን ስለ ሽመሉ ልንገራችሁ። ከዚህ ሰው ቤት በር ጀርባ አንድ ረጅም ሽመል ቆሟል። አጎቱ ነው የሰጠው። ሰውዬው ያደገው ወጣቶች በዱላ መግጠምን እንደ ትምህርት በሚማሩበት ቀበሌ ሲሆን፣ አጎቱ የዚያ ነገር መምህር ነበር። ወደ ከተማ ሲመጣ ሽመሉን ይዞ መጣ። ልጁ ከተወለደች ወዲህ ደግሞ "በእሷ የመጣ ሰው ካለ…" ይላል ወደ በሩ ጀርባ እየተመለከተ። አይጨርሰውም። ትርሲት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህችን ያላለቀች አነጋገር ስትሰማ ነው ያደገችው።

ሐሙስ ደረሰ። ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ሽመሉን ይዞ ወጣ። ወይዘሮ ላቀች ደጇ ላይ ቆማ አየችው፤ "ወዴት ነው?" ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ምን ትጠይቅ፣ የላከችው እሷ አይደለችም?

መጋዘኑ ደጅ ላይ ጫማ ተደርድሯል። አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ በሥርዓት። የትርሲት ጫማ ሦስተኛው ላይ ነው። በሁለት ቆርቆሮ መካከል በነበረ ስንጥቅ ዓይኑን አስጠግቶ አየ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ሰፊ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከዋል። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ፊት ለፊታቸው ሥዕሉ አለ። እውነትም ፂማም ሽማግሌ ነው። ሁሉም እኩል ጎንበስ አሉ፤ ልጁም ጎንበስ አለች።

ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ አማተበ። ዓይኑን ስለጨፈነም ቀጥሎ የሆነውን አላየም፤ ከሥዕሉ ዞረው እርስ በርሳቸው በዚያው አኳኋን እጅ ሲነሣሡ አላየም። ተጠራጣሪ እንዲህ ነው። ግማሹን በስንጥቅ ያያል፤ ሌላውን ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞላዋል።

ዓይኑን ሲገልጥ አንድ ግዙፍ ሰው የልጁን አንጓ ጨምድዶ ይዟል።

ከዚህ በኋላ ማን ያስቆመዋል? በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ከነጫማው ምንጣፉ ላይ ወጣ። "ልቀቃት" አለ፤ ሰውየው እስኪለቅ ሳይጠብቅም ሽመሉን አነሣ። ግዙፉ ሰው ዞር ሲል ፊቱ በድንጋጤ አመድ መሰለ። ሽመሉ ወደ ግዙፉ ሰው ራስ ወረደ።

ትርሲት አልሸሸችም። ወደ አባቷ ገባች። ከሽመሉ ሥር፣ ከክንዱ ጎን ገባች። እጇ የእጁን አንጓ አገኘ፤ እሷም እንደ በር ዞረች። ሰውዬው ቀጥሎ የሚያስታውሰው ጣራውን ማየቱን ነው። በጀርባው ተጋድሟል። ሽመሉ እጁ ላይ የለም። የሚያመው ቦታ ፈለገ፤ የለም። ቆይቶ ነው የገባው፤ በማጅራቱና በወለሉ መካከል አንድ ነገር አለ። የልጁ መዳፍ ነው።

ስትጥለው ራሱ እንዳይመታ እጇን ከሥሩ አስገብታለች።

አባት ተጋድሞ እንዳለ "በአባትሽ ላይ እጅሽን አነሣሽ?" አላት።

"አላነሣሁም፣ አባዬ" አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። "አንተ ያወረድከውን ነው የተቀበልኩት።"

ግዙፉ ሰው ከወዲያ ሆኖ በቀጭን ድምፅ "ጌታዬ፣ እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ" አለ። ሌላ የሚለው ጠፍቶት ነው። በዚያች ሰዓት እናንተም ብትሆኑ ሥራችሁን ነበር የምትናገሩት።

አስተማሪው ጋሽ ሸዋንግዛው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ቀጭን የስፖርት መምህር ናቸው። መጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ከነጫማው መግባቱን አይተዋል፤ ስለ ጫማው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም።

"ወንድሜ፣ ተጎዱ?"

"ሥዕሉ የማን ነው?" አለ ልብስ ሰፊው። ወድቆም እንኳ ምርመራ ላይ ነው።

"ይህን ጥበብ የጀመሩት ጃፓናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሞተዋል።"

"ትጸልዩለታላችሁ?"

"አንጸልይም። እጅ እንነሣለን። እርስዎ አገር ቤት ለታላላቆችዎ እጅ አይነሡም ነበር? ከእሳቸው ቀጥሎ እርስ በርሳችንም እጅ እንነሣለን። ይሄ ዳቦ ጋጋሪ ልጅዎ እንድትማር ብሎ በቀን ሃያ ጊዜ ይወድቅላታል፤ ልታመሰግነው አይገባም?"

እኛ የአምልኮ ስግደት ሌላ፣ የአክብሮት ስግደት ሌላ እንደሆነ ከልጅነታችን ተምረናል። ይህ ሰውም ተምሯል። ተምሮ ግን ሲፈራ ረሳው።

ልብስ ሰፊው ግን በዋዛ የሚለቅ አይደለም። "ይሄ ነገር በእውነት ያድናል? ቢላ የያዘ ቢመጣባትስ?"

"ትሮጣለች" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። "እኔ ተአምር አላስተምርም። አይኪዶ የሚባለው ይህ ጥበብ የመጣብህን ጉልበት በጉልበት አትግጠመው፣ አሳልፈው የሚል ትምህርት ነው። ሲይዟት እንዳትደርቅ፣ እጇን አስለቅቃ ለመሮጥ የሚበቃ ልብ እንዲኖራት ነው የማለማምዳት። ስትጥል ደግሞ የጣለችውን ሰው እንዳትገድለው። ቅድም ያ ሽመል የዚህን ሰው ራስ አግኝቶት ቢሆን ኖሮ፣ አሁን እርስዎን የሚጠይቅዎ እኔ ሳልሆን ፖሊስ ነበር።"

ሰውዬው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ልጁን አያት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልብሷን ሳይመረምር ጠየቃት። "ለምንድን ነው ይሄን የምትማሪው?"

ነገረችው። ከሰባት ወር በፊት ነው። አንድ ቀን ሥራ አምሽታ ስትመለስ፣ ድልድዩ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው እጇን ያዛት። አፏ ደረቀ። እግሯ ደረቀ። መጮኽ እንኳ አቃታት። ባጃጅ መጥቶ መብራቱ ሲያርፍበት ነው ጥሏት የሄደው። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ወር ድልድዩን የምትሻገረው እየሮጠች ነበር። ከዚያ ስለዚህ ቦታ ሰማች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ትርሲት ምንጣፉ ዳር የወደቀውን ሽመል ተመለከተች። ቀስ ብላ "ብነግርህ ወይ ሥራዬን ታስተወኛለህ፣ ወይ ያንን ይዘህ ትወጣና ሰው ትገድላለህ" አለች። "እናቴን አጥቻለሁ። አንተን በእስር ቤት ፍርግርግ ማየት አልፈልግም።"

ምን ይበላት? ተሳስተሻል ይበላት? ገና አሁን አይታው የለም?

ሽመሉን አነሣው። ሲያነሣው አጎቱ ትዝ አለው። አጎቱ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አንዲት ዱላ እንዲሰነዝር አልፈቀደለትም። ዓመት ሙሉ ምከታ ብቻ ነው ያስተማረው። "መምታትን አህያም ያውቃል። አንተ መመከትን ልመድ" ይለው ነበር። ልጁ ከሽመሉ ሥር ስትገባ ያየው ያንኑ የአጎቱን እርምጃ ነበር። ከጃፓን የመጣ ይሁን እንጂ እርምጃው ያው ነው። እሱ ምከታውን ረስቶ ሽመሉን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ልጁ ሽመል ሳትይዝ ምከታውን አገኘችው።

አብረው ተመለሱ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆመና "እንዴት ነው የያዘሽ?" አላት። አሳየችው። ያዛት። አስለቀቀች። አጥብቆ ያዛት። አስለቀቀች። ሦስተኛ ጊዜ በሠላሳ ዓመት የመቀስ ጉልበት ያዛት፤ አሁንም ባዶ እጁን ቀረ። ያን ጊዜ ድልድዩን ተደግፎ አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው፤ አፍሮም ነው።

ይቅርታ አልጠየቃትም። የዚህ ዓይነት አባት እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ አያውቅም። በማግሥቱ ግን ትርሲት ከሥራ ስትመለስ ነጩ ልብሷ ታጥቦ፣ ተተኩሶ አልጋዋ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ተጥፏል፤ እጅጌው በአራት መስመር ተሰፍቷል። አባቷ ከመኪናው ቀና ሳይል "ብዙ ጊዜ ስለምትወድቂ ደረብኩት" አላት።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። አንዳንዶቻችሁ እስካሁን እኔንም ትጠረጥራላችሁ፤ ፊታችሁ ይናገራል። "ካህኑ ከመቼ ወዲህ ነው የጃፓን ትግል የሚሰብኩልን?" ትላላችሁ። ግድ የለም፣ ጠርጥሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምታችኋል፤ እኔም ልጆቻችሁን ላገኛችሁት ሁሉ ስጡ አላልኩም። ሂዱና እዩ፣ መርምሩ፣ አስተማሪው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ልጆቻችሁ እጃቸውን ማስለቀቅ ቢማሩ መልካም ነው። ሴቶች ልጆቻችሁ ደግሞ ይበልጥ ይማሩ፤ በየመንገዱ ድልድይ አለና።

እኔ የምፈራላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ ልጅ ድልድዩ ላይ እጇን የያዛትን ሰው መፍራቷን በሰባት ወር ውስጥ ማሸነፍ ቻለች። የአባቷን ቁጣ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ስትፈራው ኖረች። ለማን ነበር የዋሸችው? ለዚያ ክፉ ሰው ነው? አይደለም። ለሚወዳት ነው። ለምን? ከበሩ ጀርባ ሽመል ስለነበረ።

እናንተስ ቤት ከበሩ ጀርባ ምን ቆሟል? የአንዱ ቁጣ ነው። የአንዷ ምላስ ነው፤ "ቀድሞስ ነግሬሽ አልነበር?" የምትል። የሌላው ዝምታ ነው፤ ሳምንት የሚቆይ። ልጃችሁን የሚጠብቅ ይመስላችኋል። ልጃችሁ ግን የደረሰባትን ልትነግራችሁ ወደ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። አይታው ትመለሳለች። እናንተም "ምን ትደብቀኛለች?" ብላችሁ ቦርሳዋን ትፈትሻላችሁ።

አትፈትሹ፤ ጠይቁ። ጠይቃችሁም ዝም ብላችሁ ስሙ። የምትነግራችሁ ነገር ይጥላት ይሆናል፤ ቃሏ መካከል ላይ ትወድቅ ይሆናል። ያን ጊዜ የማን እጅ ነው ከራሷ ሥር የሚገባው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ጫማችሁን ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ለራሳችሁ መልሱ። ከዚያ ቤታችሁ ግቡ፤ በሩንም ዘግታችሁ ጀርባውን እዩ።